መመለሻ የሌለው ዘፈን

መኪናው የመጨረሻውን ዳገት በአንደኛ ማርሽ እያቃሰተ ሲወጣ፣ ዘፋኟ ከሸራው ሥር፣ በጄኔሬተሩና በአኮርዲዮኑ ሣጥን መካከል ተሰንቅራ፣ አንገቷን በሱፍ ሻርፕ ጠቅልላ፣ መንገዱ ወደ ወሰዳት ሁሉ ትወዛወዝ ነበር። የሚያዝ ነገር ፍለጋ እጇን መዘርጋት ካቆመች ቆይታለች። ጦርነቱ ሦስተኛ ዓመቱን ይዟል፤ እሷም በዚህች መኪና ላይ ሦስተኛ ዓመቷን።

«ይህቺ መኪናና የእኔ አኮርዲዮን አንድ ሐኪም ጋ መሄድ አለባቸው» አለ አኮርዲዮን ተጫዋቹ። «ሁለቱም የሚተነፍሱት በጎናቸው ነው።»

ማንም አልሳቀም። እሱም አልጠበቀም። ወፍራም፣ ፊቱ ሁልጊዜ ላብ ያወዛው ሰው ነው፤ የሚቀልደውም ሌላው ሰው እንደሚያስለው ነበር፣ ካልወጣለት የሚያንቀው ይመስል።

በመኪናው ጭራ በኩል፣ እግሩን ወደ ውጭ አንጠልጥሎ፣ ደራሲው ተቀምጧል። የቡድኑ ሰዎች «ሹክሹክታ» ይሉታል፤ ሲናገር ድምፁ ከከንፈሩ አልፎ አይሄድምና። ቀጭን ነው፤ ካኪ ኮቱ ከሌላ ሰው የተዋሰው ይመስላል። በየጦር ሰፈሩ ለሚጠይቅ ሁሉ ጄኔሬተር አስነሺ ነኝ ይላል፤ እውነትም ያስነሳል። «ተሻገር» የተባለውን ዘፈን፣ ግጥሙንም ዜማውንም የደረሰው እሱ መሆኑን ከመኪናው ሰዎችና ከራዲዮ ጣቢያው የዝግጅት ኃላፊ በቀር የሚያውቅ አልነበረም። ሸክላው ላይ የታተመው ግን የዘፋኟ ፎቶግራፍ ነው። በየከተማው ግድግዳ የተለጠፈውም የእሷ ፊት።

ተሻገር ወንዙን በል፣ ውኃውም አይበርድም፣
የወንድ ልጅ እግር ወደኋላ አይሄድም።

እንዲህ ይላል። ባለሱቁ እቃ እየመዘነ ይለዋል፤ ግንበኛው ድንጋይ እየጠረበ ይለዋል፤ ልጆች በገመድ እየዘለሉ ይሉታል። ወታደር የሚመዘገብበት በር ላይ ሸክላው ከጠዋት እስከ ማታ ይዞራል። ዜማው እግር ውስጥ ነው የሚገባው። ቁጭ ብሎ የሚሰማው ሰው እንኳ ተረከዙ ወለሉን ሲመታ ያገኘዋል።

ዳገቱ አፋፍ ላይ ራዲያተሩ ፈላ። ሾፌሩ ክዳኑን በጨርቅ ይዞ ሲከፍተው እንፋሎቱ ፊቱን ሊልጠው ደረሰ። «ውኃ!» ብሎ ጮኸ፤ ይሳደብ ይሁን ይጠይቅ ግን አልታወቀም።

ከመንገዱ ዳር ጥቂት ቤቶች ነበሩ። ከአንደኛው ደጃፍ አንዲት እናት ባልዲ ይዘው ሲወጡ ዘፋኟ ከመኪናው ወረደች። እግሯ ደንዝዟል።

«እማማ፣ ይቅርታ ያድርጉልኝና፣ ለመኪናችን ትንሽ ውኃ ባገኝ።»

ሴትየዋ ባልዲውን መሬት አስቀመጡት። «እስቲ ድገሚልኝ።»

«ምኑን?»

«አሁን ያልሽውን።»

«ውኃ ነው እማማ፣ ለመኪናው።»

«አንቺ ነሽ» አሉ ሴትየዋ።

ዘፋኟ ሻርፗን በእጇ ያዘች። ባለፈው ወር በአንዲት የገበያ ከተማ አንዲት እናት እንዲሁ በድምፅዋ አውቀዋት፣ ሻርፗን ከአንገቷ ነጥቀው ቀደውት ነበር። ከዚያ በፊት ደግሞ ሌላ እናት ተፍተውባታል። ስድቡን ለምዳዋለች፤ ምራቅ ግን አይለመድም። ዓይኗን ጨፍና ጠበቀች።

የመጣው ውኃ ነበር። ሴትየዋ በጣሳ ቀድተው «እጅሽን ዘርጊ፣ አቧራ በልቶሻል» አሏት። አስታጠቧት። ፊቷንም ታጠበች። ከዚያ ጣሳውን እንደያዙ ቆመው እንዲህ አሉ፦

«ልጄ እንጨት እየፈለጠ ይዘፍነው ነበር። የሄደም ዕለት እየዘፈነው ነው ያቺን መታጠፊያ የዞረው። አሁን ብቻዬን ስሆን እኔ እለዋለሁ። ሰው ቢሰማ ያበድኩ ይለኛል። ግን የልጄ ድምፅ የሚመጣልኝ በሱ ነው፣ ምን ላድርግ? ታዲያ አንድ ነገር ልጠይቅሽ። እኔ እስከማውቀው ድረስ ወንዙን ያሻግረዋል፣ ያዋጋዋል፣ እዚያው ያቆመዋል። የሚመለስበት ስንኝ የለውም እንዴ? አንቺ ታውቂው ይሆናል ብዬ ነው።»

ደራሲው በዚህ ጊዜ ባዶ ጀሪካን ይዞ ከዘፋኟ ጀርባ ደርሶ ነበር። ጀሪካኑን ቀስ ብሎ አስቀመጠ።

«የለውም፣ እማማ» አለች ዘፋኟ።

«ያሳዝናል። እንዲህ ያለ ዜማ። የደረሰው ሰው ማን ይባላል?»

ዘፋኟ ዞር ብላ ጣቷን ብትቀስር ይበቃት ነበር። አልቀሰረችም። ደግነት አልነበረም፤ በጣም ደክሟት ነበር፣ መጠቆምም ጉልበት ይጠይቃል። ደራሲውም ጀሪካኑን ሳይሞላ ትቶ ከመኪናው ኋላ ሄደና ግንባሩን የጎማው መከለያ ላይ አስደገፈ። ውኃውን የቀዳው ሾፌሩ ነው።

መኪናው ቁልቁለቱን ከጀመረ በኋላ ደራሲው ከጭራው ተነስቶ ወደ ውስጥ ገባና እጎኗ ተቀመጠ። ለመስማት ጆሮዋን ማስጠጋት ነበረባት።

«ነበረው» አለ።

«ምን ነበረው?»

«የመመለሻ ስንኝ። የዝግጅት ኃላፊው ‹ይህቺ ስንኝ እግር ታስራለች፣ አውጣት› አለኝ። ምሳ ሰዓት ደርሶ ነበር። ብዙም አልተከራከርኩም፤ ሰረዝኩና ምሳ በላሁ።»

«ሦስት ዓመት ሙሉ» አለች ዘፋኟ፣ «ለዚያች ምሳ የተተፋብኝ እኔ ነኝ።»

«አውቃለሁ።»

«አታውቅም። አንተ ጄኔሬተር ታስነሳለህ። እኔ ቃሉን ከአፌ አወጣዋለሁ፣ ሰውም ከአፌ ይቀበለዋል። አንዳንድ ቀን ከመሃል ቆም ብዬ ‹የኔ አይደለም› ማለት ያምረኛል። ከዚያ ፊታቸውን እንዲያ በርቶ ሳይ እተወዋለሁ።» ሻርፗን ፈታችና እንደገና ጠቀለለችው። «እስቲ አሰማኛት።»

«ማንን?»

«የሰረዝካትን።»

ደራሲው ጎንበስ ብሎ በጆሮዋ አንጎራጎረላት።

ና ተመለስ በቃ፣ በሩ አልተዘጋም፣
ስምህን ሳልጠራው አንድም ቀን አልነጋም።

ዜማው ያው ነበር፤ ሆኖም መጨረሻው ላይ ወደ ላይ በመውጣት ፈንታ ዝቅ ብሎ፣ እንደ ደከመ ሰው ቁጭ ይላል። አኮርዲዮን ተጫዋቹ አልተጠየቀም፤ ግን ዘፋኟ ስንኟን ደግማ ስታንጎራጉር ጣቶቹ በተዘጋው ሣጥን ክዳን ላይ ቦታቸውን ሲፈልጉ አየች። አንዴ፣ ሁለቴ ሞከረ። ከዚያ ፊቱን ወደ ውጭ አዞረ፤ ቁልቁለቱ እስኪያልቅ ድረስ ሌላ ቀልድ አልተናገረም።

ወንዙ ጋ ሲደርሱ ፀሐይዋ ወደ ምዕራብ አዘንብላለች። የድንጋይ ድልድይ፣ ከዚህ ወዲህ ምሽግ፣ ከዚያ ማዶ ገላጣ ሜዳ፤ ከሜዳው ጫፍ ጣሪያው ግማሽ የተገነጠለ አንድ ወፍጮ ቤት። ከወፍጮ ቤቱ ጀርባ ባለው ጉብታ ላይ የጠላት መትረየሶች አሉ። በዚህ በኩል ደግሞ ጦሩ ተኝቷል። አልቆሰለም፣ አልሞተም፣ ዝም ብሎ ተኝቷል። ወታደሮቹ በየምሽጉ ጋደም እንዳሉ መኪናዋን በዓይናቸው ብቻ ተከተሏት። ጭንቅላቱን ያነሳ የለም። አንዱ ጣሪያዋ ላይ የተሰቀሉትን የድምፅ ማጉያ ቀንዶች አይቶ «መጡልን ደግሞ» አለና ቆቡን ዓይኑ ላይ ደፋ።

ኮሎኔሉ የጥይት ሣጥን ላይ ተቀምጦ አንድ እግሩን ውኃ በሞላበት የብረት ቆብ ውስጥ ነክሮ ነበር። ጢሙ ሳይላጭ ሰንብቷል። «እንኳን ደህና መጣሽ፣ እመቤቴ» አላት። «አልነሳልሽም፣ እግሬ አብጧል። ባለቤቴ ይህን ብታይ ታፍርብኝ ነበር።»

«አይነሱ፣ ጌታዬ» አለች ዘፋኟ።

«ነገሩ አጭር ነው። ማዶ ወፍጮ ቤቱ ውስጥ አንድ የመቶ ጦር ተከቦብኛል። እንዲያስመልጧቸው እነዚህን ሁለት ጊዜ አዘዝኳቸው። ሁለት ጊዜ ተነስተው ሁለት ጊዜ ተመለሱ። በሦስተኛው አልተነሱም። ‹ለሬሳ ብለን አንሞትም› አሉ። ምን ላድርግ? ማንን ረሽኜ ማንን ላስቀር?» እጁን ወደ ቀንዶቹ አነሳ። «እኔ ቃል ጨርሻለሁ። እናንተ ዘፈን አላችሁ። ውጪና ‹ተሻገር› በይልኝ።»

ከኋላዋ አንድ ድምፅ ተሰማ፤ ድምፅ ከተባለ። «ማዶ ያሉት በሕይወት አሉ?»

ኮሎኔሉ ዓይኑን አጥብቦ ቀጭኑን ሰው አየው። «ጠዋት ከወፍጮ ቤቱ ተኩስ ሰምቻለሁ፤ የእኛ ጠመንጃ ነው፣ ድምፁን አልስተውም። ራዲዮናቸው ግን ከሞተ ሰንብቷል። እኛ እዚህ መኖራችንንም አያውቁም። ጥለናቸው የሄድን ይመስላቸዋል።»

«ይህን ለወታደሮቹ ነግረዋቸዋል?»

«ለወታደር ሁሉ ነገር አይነገርም።»

«እንግዲያው አይዘፈንም» አለ ደራሲው።

አኮርዲዮን ተጫዋቹ ዓይኑን መሬት ላይ ተከለ። ኮሎኔሉ እግሩን ከብረት ቆቡ ውስጥ አወጣ። «አንተ ደግሞ ማን ነህ?»

«ዘፈኑን የደረስኩት ነኝ።»

ኮሎኔሉ መሳቅ ፈልጎ ትንፋሽ አጠረው። «ሁልጊዜ እሷ የደረሰችው ይመስለኝ ነበር።»

«ሁሉም እንደዚያ ነው የሚመስለው። ለእኔም ተመችቶኝ ነበር።»

«ላስርህ እንደምችል ታውቃለህ?»

«ይችላሉ። እኔን አስረውም እሷን ማስዘፈን ይችላሉ። ቃሉንም ዜማውንም ታውቀዋለች።»

ሁሉም ወደ ዘፋኟ ዞሩ። ፊቷ ላይ ከመንገዱ አቧራ በቀር ምንም አይነበብም ነበር። ስንት ጊዜ ዘፍናዋለች? ስንቱ ሰፈር፣ ስንቱ የመመዝገቢያ በር ላይ? አንድ ጊዜ እንኳ ማንም ዞር ብሎ «አንቺስ ምን ትያለሽ?» ብሏት አያውቅም። አሁንም አላላትም፤ ግን ዝም ብለው ይጠብቋት ነበር፣ ይህም አንድ ነገር ነው።

«መጀመሪያ እሱ ይናገር» አለች። «ያለውን ሁሉ ይንገራቸው። ከዚያ በኋላ ዝፈኚ የሚሉኝ እነሱ ከሆኑ እዘፍናለሁ። እርስዎ ብቻ ካሉኝ ግን፣ ጌታዬ፣ ጉሮሮዬ ታሟል።»

ኮሎኔሉ ያበጠ እግሩን መልሶ ውኃው ውስጥ ነከረ። «ይናገር» አለ። «የሚሰማው ካገኘ።»

ደራሲው ጄኔሬተሩን በራሱ እጅ አስነሳ። ከዚያ ማይክሮፎኑን ያዘ፤ ሦስት ዓመት ሙሉ ሽቦውን ሲዘረጋና ሲጠቀልል ኖሮ አፉን አስጠግቶበት አያውቅም። ሲናገር እንደ ልማዱ በሹክሹክታ ነበር። ቀንዶቹ ግን ያችን ሹክሹክታ ተቀብለው ምሽጉን በእሷ ሞሉት። ጆሮው ሥር ሰው የቆመበት እየመሰለው፣ ወታደሩ ሁሉ ደንግጦ ዞር አለ።

«ዘፈኑን የደረስኩት እኔ ነኝ። ‹ውኃው አይበርድም› ያልኩት እኔ ነኝ። ይህን ወንዝ አላውቀውም ነበር። ምንም ወንዝ አላውቅም ነበር፤ ክፍል ውስጥ በርጩማ ላይ ቁጭ ብዬ ነው የጻፍኩት። አሁን ልትሻገሩ የተጠየቃችሁት ማዶ ሰው ስላለ ነው። ጠዋት ተኩሰዋል። ጥለናቸው የሄድን ይመስላቸዋል። ከዚህ የበለጠ አላውቅም። ዘፈኑን ከመስማታችሁ በፊት ይህን እንድትሰሙ ብዬ ነው።»

ከአንደኛው ምሽግ አንድ ሃምሳ አለቃ ተነሳ። ትከሻው ሰፊ፣ እጁ እንደ አራሽ እጅ የሻከረ ሰው ነበር። ልብሱ ላይ የደረቀውን ጭቃ ሳያራግፍ ቀጥ ብሎ መጣና ከደራሲው ፊት ቆመ።

«አንተ ነህ?»

«እኔ ነኝ።»

«እኔ ባንተ ዘፈን ነው የተመዘገብኩት። አጨዳ መሃል ላይ ነበርኩ። ወንድሜ ‹ሰብሉን እናስገባና› ሲለኝ አላስችል አለኝ።»

ደራሲው ከንፈሩን አንቀሳቀሰ። «ምን እንድልህ ትፈልጋለህ?»

«ምንም። ፊትህን ላይህ ብዬ ነው።» አየውም። ከራስ ፀጉሩ እስከ ጫማው ረጋ ብሎ አየው። «ትልቅ ሰው ትሆናለህ ብዬ ነበር» አለና ወደ ኮሎኔሉ ዞረ። «ጌታዬ፣ ይህ ሰው ያለው እውነት ነው?»

«እውነት ነው።»

«ለምን አልተነገረን?»

ሃምሳ አለቃው ግን መልሱን አልጠበቀም። ወንዙን፣ ሜዳውን፣ ወፍጮ ቤቱን በዓይኑ ለካ። ሲናገር ድምፁ ንዴትም ጀግንነትም አልነበረበትም፤ የቤት ጣሪያ ስለማደስ የሚማከር ሰው ይመስል ነበር። «ለመሻገር ዘፈን አንፈልግም። ጉልበታችንን እናውቀዋለን። እነሱ ግን መኖራችንን ይወቁ። እነዚያን ቀንዶች ወደ ማዶ አዙሯቸው። ፀሐይዋ ከኋላችን ስትወርድ የጠላት ዓይን ውስጥ ትገባለች። ያን ጊዜ እትዬ ትዝፈን፤ እኛ በድልድዩ ግንብ ሥር ተስበን መሃል ላይ ደርሰን ጉብታውን በተኩስ እናስጎነብሰዋለን፤ እነሱ በዚያ መሃል ይወጣሉ። ታዲያ ‹ተሻገር› አይሁን። እሱን ከሰሙ እኛን እየጠበቁ ወፍጮ ቤቱ ውስጥ ይቀራሉ።»

«ሌላ ስንኝ አለው» አለች ዘፋኟ።

ሾፌሩና አኮርዲዮን ተጫዋቹ ጣሪያው ላይ ወጥተው ቀንዶቹን አዞሩ። ከምሽጉ ሰዎች መነሳት ጀመሩ፤ መጀመሪያ ሁለቱ፣ ከዚያ አራቱ፣ ከዚያ አንዱ ቆቡን ከዓይኑ ላይ እያነሳ። ሁሉም አልተነሱም። ያልተነሱትን ማንም ምንም አላላቸውም። አኮርዲዮን ተጫዋቹ መሣሪያውን ደረቱ ላይ ሲያስር ማሰሪያውን ሁለት ጊዜ ስቶ «በመጀመሪያ ሠርጌ ላይ እንኳ እንዲህ አልሆንኩም» አለ። ስንት ሠርግ እንደነበረው የጠየቀው አልነበረም።

ፀሐይዋ ስትወርድ ዘፋኟ ዘፈነች።

ቀስ ብላ ነው የጀመረችው። ሻርፗን አውልቃለች፤ ድምፅዋ ሻክሯል፣ ከላይ ከላይ ያለው ተቆርጧል፤ የቀረው የታችኛው፣ በብዙ ዓመት ያለቀው ነበር። ያ ድምፅ ከቀንዶቹ ወጥቶ ውኃው ላይ ተንሸራቶ ሜዳውን አለፈ። «ና ተመለስ በቃ።» ከምሽጉ ያልተነሳ አንድ ሽማግሌ ወታደር ፊቱን በሁለት እጁ ሸፈነ። «ስምህን ሳልጠራው።» ዘፋኟ ዓይኗን አልጨፈነችም። ድልድዩ ሥር የሚሳቡትን ጀርባዎች ታያለች፤ ከመሃል ገና አልደረሱም። ማንንም ላለማስቸኮል ዜማውን ጎተተችው፣ ትንፋሽዋን አረዘመችው፤ ኖታው መሃል ገብታ ብትቆም በወደደች።

የወፍጮ ቤቱ በር ተከፈተ።

«ገና ነው» አለ ኮሎኔሉ። «ገና! ተመለሱ!»

ከበሩ ሰዎች እየሮጡ ወጡ። ጠመንጃ የያዙም ያልያዙም ነበሩ። ከፊት የሚሮጠው፣ እጆቹን እንደ ሕፃን ወደ ፊት ዘርግቶ፣ ከመትረየሱ ሳይሆን ከሌላ ነገር የሚያመልጥ ወይም ወደ ሌላ ነገር የሚደርስ ይመስል ነበር። ዘፋኟ አፏን ዘጋች። ግን ቃሉ ከአፏ ወጥቷል፤ ከአፍ ከወጣ አፋፍ ነው፤ ማንም ሮጦ አይመልሰውም። ጉብታው ላይ ያሉት መትረየሶች ጀመሩ። ከፊት የሚሮጠው ወደቀ። ከኋላው ያሉትም ወደቁ።

ያን ጊዜ ሃምሳ አለቃውና ሰዎቹ ከድልድዩ መሃል ተኩስ ከፈቱ። ጉብታው ለጥቂት ጊዜ ዝም አለ። ከወፍጮ ቤቱ ሌሎች ወጡ፤ እነዚህ ጎንበስ ብለው፣ እየተጠባበቁ፣ የቆሰለ እየጎተቱ፣ የወደቁትንም እያነሱ ነበር። «ዝፈኚ!» አላት ኮሎኔሉ፣ «ድምፅሽን ይከተሉ!» ግን ድምፅዋ አልመጣም። አኮርዲዮን ተጫዋቹ ብቻውን ዜማውን ያዘ፤ ቃል የሌለውን ዜማ፤ የመጨረሻው ሰው ድልድዩን እስኪረግጥ ድረስ አልለቀቀውም።

ሲመሽ ወፍጮ ቤቱ ባዶ ነበር። በሕይወት የተመለሱት ከምሽጉ ጀርባ ተቀምጠው ውኃ ይጠጣሉ፤ አንዱ ኮዳውን አፉ ላይ እንደደቀነ እንቅልፍ ወስዶታል። ወደ ሰማንያ የሚጠጉ ናቸው አለ አንዱ፣ ሌላው አይሞሉም አለ። የሞቱት በሸራ ተሸፍነው በየቃሬዛው ላይ ተደርድረዋል። ሃምሳ አለቃው በደህና ተመልሶ ቦት ጫማውን እያወለቀ ነበር።

ኮሎኔሉ እያነከሰ ወደ መኪናው መጣ። «ያቺን ስንኝ ለራዲዮ ጣቢያው አስተላልፍላችኋለሁ» አለ። «ሰው አድናለች። በየግንባሩ ትዘፈን።»

ደራሲው ጄኔሬተሩ አጠገብ ቁጭ ብሎ ሽቦውን መጠቅለሉን ቀጠለ። ዘፋኟም ፊቷን ወደ ቃሬዛዎቹ አዞረች።

በዚህ መሃል ከተመለሱት መካከል አንድ አስር አለቃ እየተንገዳገደ መጣ። ፊቱ በባሩድ ጠቁሯል። በቀኝ እጁ አንድ ቀበቶ ይዟል፤ ይዞት መሆኑን የረሳው ይመስላል። ከዘፋኟ ፊት ቆመ።

«የዘፈንሽው አንቺ ነሽ?»

«እኔ ነኝ።»

«እኛ ዘፈኑን እናውቀው ነበር፤ ያቺን ግን አናውቃትም ነበር። ‹ስምህን ሳልጠራው› የምትለዋን።» በግራ እጁ ወደ ቃሬዛዎቹ ጠቆመ። «ከፊት የሮጠው አብሮ አደጌ ነው። እኔ ገባኝ፤ ተኩስ እስኪጀመር ጠብቅ አልኩት። ቀበቶውን ያዝኩት። ‹እየጠሩኝ እኮ ነው› አለኝ። ደግሞ ሳቀ። ‹አትሰማም እንዴ፣ እየጠሩኝ እኮ ነው› አለና ሮጠ፤ ቀበቶው እጄ ላይ ቀረ። ከኋላው የተከተሉትም እሱን አይተው ነው።» ቀበቶውን አየው። «ማን ነው ያቺን ያመጣት?»

ዘፋኟ አፏን ከፈተች። ሦስት ዓመት ሙሉ የለመደችውን፣ የሌላውን ቃል በራሷ ላይ መቀበልን፣ ልትጀምር ነበር።

«እኔ ነኝ» አለ ደራሲው። ተነስቶ ቆሟል። ድምፁ ያው ሹክሹክታ ነበር፤ ማይክሮፎኑም ተዘግቷል፤ ግን ሁሉም ሰማው። «ሁለቱንም የጻፍኩት እኔ ነኝ። የሄዳችሁበትንም፣ የሮጠበትንም። እሷ የለችበትም።»

አስር አለቃው ተጠጋው። ኮሎኔሉ ክንዱን ሊይዘው እጁን ዘረጋ፤ ሃምሳ አለቃው ከተቀመጠበት «ተዉት» አለ። ደራሲው ቆሞ ጠበቀ። ዓይኑን እንኳ አልጨፈነም። ዘፋኟ እሱ ላይ ምራቅ ሲተፋ ማየት ለስንት ጊዜ እንደተመኘች ያን ጊዜ ትዝ አላት፤ አሁን ሊሆን ሲል ግን በመካከላቸው ልትገባ አንድ እርምጃ ተራመደች።

አስር አለቃው ግን አልተፋም፣ አልመታምም። ፊቱን በክንዱ ጠረገ። «ባትጠራን ደግሞ» አለ፣ «ነገ ጠዋት እዚያው እናልቅ ነበር። ጥይታችን አልቋል።» ምስጋና አልነበረም። ሁለቱን ነገር ጎን ለጎን አስቀምጦ የትኛውን ማንሳት እንዳለበት ያላወቀ ሰው አነጋገር ነበር። አብሮ አደጉ ወደተኛበት ቃሬዛ ሄደ። መቃብሩ የሚቆፈረው ከላይ፣ አፋፉ ላይ ነበር፤ ታችኛው መሬት ረግረግ ነው።

«ና እንግዲህ» አለ። «የእግሩን በኩል ያዝ።»

ደራሲው ያዘ። አስር አለቃው ቀበቶውን አንገቱ ላይ ጣለና የጭንቅላቱን በኩል አንስቶ ከፊት ሆነ። ሲነሱ ቃሬዛው ወደ አንድ ጎን ዘመመ፤ አስተካከሉት። ዳገቱ ድንጋያማ ነው። ደራሲው ሁለት ጊዜ ተደናቅፎ ተንበረከከ፤ ሁለቴም ቃሬዛውን መሬት ሳያስነካ ተነሳ። አኮርዲዮን ተጫዋቹ ከኋላ ደርሶ «ስጠኝ፣ እኔ ሥጋ አለኝ» አለው። ደራሲው አልሰጠውም። ዘፋኟ ፋኖስ አንስታ በጎናቸው ሄደች፤ መንገዱን ልታሳያቸው ነበር፣ ብርሃኑ ግን ከሁሉ በፊት ያሳያት የደራሲውን እጆች ነበር። ከእንጨቱ ጋር ተጣብቀዋል፤ መገጣጠሚያቸው ነጥቷል።

ግማሽ ላይ ሲደርሱ አስር አለቃው፣ ዞር ሳይል፣ «ደከመህ?» አለ።

«አዎ» አለ ደራሲው።

«እኔም» አለ አስር አለቃው፤ ግን አልቆመም።